ዳንኤል ሞረልና የሳውዝ ፎርክ ግድብ

በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት በጆንስታውን ከተማ ሜይ 31 ቀን 1889 የደረሰው የጎርፍ አደጋ በግድብ መሐንዲሶች ዘንድ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀስ ነው። ከ2,200 የሚበልጥ ሕዝብ የፈጀው ይህ አደጋ የመጣው ከታላቅ የመንግሥት ግድብ አልነበረም፤ ጥቂት ባለጸጎች ዓሣ ለማጥመድና በጀልባ ለመንሸራሸር ከያዙት የግል የአፈር ግድብ ነበር። አደጋው ከመድረሱ ከስምንት ዓመት ተኩል በፊት ግድቡን በባለሙያ አስመርምረው፣ ጉድለቱን በጽሑፍ አስታውቀው፣ ለማሻሻያው የሚያስፈልገውን ወጪ ለመካፈል ጭምር ፈቃደኝነታቸውን የገለጹ አንድ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው የካምብሪያ ብረት ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ዳንኤል ጆንሰን ሞረል ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሰዓቱ ግን እንደ አገራችን አቆጣጠር ነው።)

ሞረል ኦገስት 8 ቀን 1821 በሜን ግዛት፣ ኖርዝ በርዊክ በምትባል መንደር ተወለዱ። ቤተሰባቸው ክዌከር የተባለው የክርስትና ወገን ተከታይ ሲሆን፣ ይህ ወገን ቁጥብነትን፣ የሥራ ትጋትንና የቃል ታማኝነትን አጥብቆ የሚያስተምር ነው። ትምህርታቸው ከመንደር ትምህርት ቤት ያለፈ አልነበረም። በ1836 ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳሉ ወደ ፊላደልፊያ ሄደው በአንድ የንግድ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ ከዚያም በራሳቸው ንግድ ሠሩ። እንግዲህ ሞረል በሙያቸው መሐንዲስ አልነበሩም፤ ሒሳብ መመርመርን፣ ሰው መምረጥንና ኪሳራ ከመድረሱ በፊት መጠርጠርን የተማሩ ነጋዴ ነበሩ።

ወደ ጆንስታውን የመጡት በ1855 ነው። በ1852 የተቋቋመው የካምብሪያ ብረት ኩባንያ በዚያን ጊዜ በዕዳ ተይዞ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። የፊላደልፊያ ነጋዴዎች ዉድ፣ ሞረልና ኩባንያቸው በሚል ስም ፋብሪካውን በኪራይ ሲይዙ ሞረል በሥራ አስኪያጅነት ተሾሙ። ከተማይቱ ሊትል ኮነማው እና ስቶኒክሪክ የተባሉት ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት፣ በገደላማ ተራሮች በተከበበ ጠባብ ሸለቆ ላይ የተቈረቈረች ናት። የድንጋይ ከሰሉ፣ የብረት ማዕድኑና የባቡር መንገዱ በአንድነት የሚገኙበት ይህ ሸለቆ ለብረት ፋብሪካ የተመቸ የመሆኑን ያህል፣ ለጎርፍም የተጋለጠ ነበር።

ሞረል ሥራውን በያዙ በሁለተኛው ዓመት የኩባንያውን ዕድል የለወጠ አንድ የምሕንድስና ሥራ ተፈጸመ። የፋብሪካው የመካኒክ ኀላፊ ጆን ፍሪትዝ፣ ሁለት ይሠራባቸው በነበሩት የብረት መዳመጫ ሲሊንደሮች ፈንታ ሦስት ሲሊንደሮችን አንዱን ባንዱ ላይ አድርገው በመትከል የባቡር ሐዲድ ማውጣት ጀመሩ። በቀድሞው አሠራር የጋለው ብረት በሲሊንደሮቹ መካከል ካለፈ በኋላ ለሚቀጥለው ዙር ተመልሶ በላይ በኩል መተላለፍ ነበረበት፤ በዚህ መካከል ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠርዙም ይሰነጣጠቃል። በአዲሱ አሠራር ግን ብረቱ በታችኛውና በመካከለኛው ሲሊንደር መካከል ይሄድና፣ በመካከለኛውና በላይኛው መካከል ይመለሳል። ስለዚህ መሄዱም መመለሱም ሥራ ሆነ። ፋብሪካው ሥራ በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእሳት ቢወድምም፣ ሳይዘገይ እንደገና ተሠርቶ ቆመ። ዊልያም ኬሊም በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት አረብ ብረት ለማውጣት ካደረጓቸው ሙከራዎች ከፊሉን የፈጸሙት በዚሁ በጆንስታውን ነው። በ1871 ደግሞ ኩባንያው በቤሰመር ዘዴ አረብ ብረት ማምረት ጀመረ።

በዚህ ሁኔታ ካምብሪያ በአሜሪካ ከታወቁት ታላላቅ የብረት ፋብሪካዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ሞረልም የከተማይቱ ዋና ሰው ሆኑ። ከሥራ አስኪያጅነታቸው በተጨማሪ የከተማው ጋዝና ውሃ ኩባንያ እንዲሁም የባንኩ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከ1867 እስከ 1871 በሪፐብሊካን ፓርቲ ተመርጠው በተወካዮች ምክር ቤት ሁለት የሥራ ዘመን አገልግለዋል፤ በምክር ቤቱም የፋብሪካዎች ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበሩ። የአሜሪካን መቶኛ ዓመት ነፃነት ለማክበር በ1876 በፊላደልፊያ የተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን እንዲቋቋም ሕጉን ለምክር ቤት ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ከ1879 ጀምሮም የአሜሪካ የብረትና የአረብ ብረት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል።

የሞረል አስተዳደር ያለ ነቀፌታ አልነበረም። በፋብሪካው ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር እንዲቋቋም ፈጽሞ አልፈቀዱም። በ1873 ዋናው መሐንዲስ ጆርጅ ፍሪትዝ ሲሞቱ፣ በሠራተኛው ዘንድ ይወደዱ የነበሩትን ካፒቴን ዊልያም ጆንስን አልፈው ሌላ ሰው በመሾማቸው፣ ጆንስ ከኩባንያው ወጥተው ለአንድሩ ካርኔጊ ፋብሪካ ታላቅ ሀብት ሆነዋል። ሞረል ቈራጥ፣ ቈጣቢና በሥልጣናቸው የማይደራደሩ ሰው ነበሩ። ይህ ጠባያቸው ከዚህ በታች ለሚነገረው ጉዳይ ማስተዋያ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሰው ለመነ ከተባለ፣ ነገሩ በእጅጉ አሳስቦታል ማለት ነውና።

ከጆንስታውን 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከከተማይቱ 137 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የሳውዝ ፎርክ ግድብ ይገኝ ነበር። ግድቡን የፔንሲልቫኒያ መንግሥት በ1838 አስጀምሮ፣ ሥራው በገንዘብ እጥረት ለብዙ ጊዜ ከተቋረጠ በኋላ በ1853 አስፈጸመው። ዓላማውም በበጋ ወራት ለጀልባ መተላለፊያው ቦይ ውሃ ለማጠራቀም ነበር። ቁመቱ 22 ሜትር፣ የአናቱ ርዝመት 284 ሜትር ያህል ሲሆን፣ አፈሩ በስስ በስሱ እየተነጠፈና እየተጠቀጠቀ፣ ውጪው በድንጋይ ተለብሶ በደንብ የተሠራ ነበር። በግርጌው በድንጋይ በተሠራ መተላለፊያ ውስጥ እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስት የብረት ቧንቧዎች ተዘርግተው፣ ውሃውን እንደ አስፈላጊነቱ ለመልቀቅ ያገለግሉ ነበር። ከፍ ሲልም በዐለት ውስጥ የተቈረጠ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻ ነበረው።

ነገር ግን ግድቡ ሥራውን ሲጨርስ ቦዩ ጥቅሙን ጨርሶ ነበር። የፔንሲልቫኒያ ባቡር መንገድ እስከ ፒትስበርግ በመዘርጋቱ በጀልባ የሚጓዝ ዕቃ አልተገኘም። መንግሥት በ1857 ቦዩን ከነግድቡ ለባቡሩ ኩባንያ ሸጠ። ባለቤቱ የማይፈልገው ግድብ ጠባቂ የለውም። በ1862 የግርጌው የድንጋይ መተላለፊያ ተደርምሶ ግድቡ ተሸነቈረ። በጊዜው ውሃው ዝቅተኛ ስለ ነበረ ጉዳቱ ቀላል ሆኖ አለፈ። ይህም ለጆንስታውን ሰዎች መጥፎ ትምህርት ሆነ፤ ግድቡ ቢፈርስም የሚያመጣው ነገር የለም የሚል እምነት አሳደረባቸው። በ1875 ግድቡን የገዙት ጆን ራይሊ ደግሞ አምስቱን የብረት ቧንቧዎች አስወጥተው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጧቸው።

በ1879 ቤንጃሚን ራፍ የተባሉ የሥራ ተቋራጭ ግድቡን ገዝተው የሳውዝ ፎርክ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብን አቋቋሙ። ሄንሪ ክሌይ ፍሪክን፣ አንድሩ ካርኔጊንና አንድሩ ሜለንን የመሳሰሉ የፒትስበርግ ከበርቴዎች አባል ሆኑ። በ1862 የፈረሰው የግድቡ ክፍል የተጠገነው የግድብ መሐንዲስ ሳይቈጣጠረው፣ አፈር፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ድርቆሽና ፍግ እየተደፋበት ነበር። የወጡት ቧንቧዎች አልተተኩም። ሁለት ሠረገላዎች ጐን ለጐን እንዲተላለፉ ለማድረግ ሲባል የግድቡ አናት ተቈርጦ ወደ አንድ ሜትር በሚጠጋ መጠን ዝቅ አለ፤ ይባስ ብሎም መካከሉ ከጊዜ በኋላ ጐደጐደ። በብዙ ወጪ የመጣው ዓሣ እንዳያመልጥም በማስተንፈሻው አፍ ላይ የብረት ወንፊት ተተከለ።

እነዚህ አራት ለውጦች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ፤ ሲደመሩ ግን ግድቡን መከላከያ አሳጥተውታል። ቧንቧ የሌለው ግድብ ውሃው ሊቀነስ ስለማይችል ሊጠገንም አይችልም። በደንብ ያልተጠቀጠቀና የሚበሰብስ ነገር የተቀላቀለበት አፈር ይሰምጣል፤ ውሃም ያሰርጋል። አናቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ማስተንፈሻው የሚጐዳው በተቀነሰው ልክ ብቻ አይደለም። በማስተንፈሻ ላይ የሚያልፈው የውሃ መጠን ከውሃው ጥልቀት ይልቅ በፈጠነ ሁኔታ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሊፈቀድ የሚችለው ጥልቀት ከ10 እጅ ወደ 7 እጅ ቢወርድ፣ የማስተንፈስ ዐቅሙ ከ100 ወደ 59 ገደማ ዝቅ ይላል። በማዕበል ጊዜ ቅጠልና ግንድ የሚይዘው ወንፊት የቀረውን ይሻማል።

ሞረል ግድቡ እንደገና ውሃ መያዝ መጀመሩን እንደ ሰሙ፣ በኖቬምበር 1880 የኩባንያውን መሐንዲስና የጂኦሎጂ ባለሙያ ጆን ፉልተንን ልከው አስመረመሩ። ፉልተን በዚያው ወር ለሞረል ባቀረቡት ሪፖርት ሁለት ዋና ጉድለቶችን አመለከቱ። አንደኛው፣ ውሃውን ቀንሶ ግድቡን ለመጠገን የሚያስችል የመልቀቂያ ቧንቧ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ ጥገናው በአግባቡ ያልተሠራ ከመሆኑም በላይ ከፍ ያለ የውሃ ሥርገት የሚታይበትና አዲሱን አፈር እየቈረጠ የሚሄድ መስሎ መታየቱ ነው። ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ግድቡ እንደገና መሸንቈሩ የጊዜ ጉዳይ መሆኑን፣ ይህም በጎርፍ ወራት ቢሆን በሸለቆው ላይ ከፍ ያለ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል አስረዱ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሆነውን ስንመለከት፣ ይህ ግምት እንኳ ያነሰ እንጂ የተጋነነ አልነበረም።

ሞረል ሪፖርቱን ለክበቡ ላኩ። ራፍ በዲሴምበር መጀመሪያ የሰጡት መልስ አጭርና ኀይለ ቃል ያለበት ነበር፤ በሪፖርቱ ውስጥ ያሉትን አንዳንድ ዝርዝሮች ነቅሰው ስሕተት ናቸው ካሉ በኋላ፣ የሞረል ሰዎች ከክበቡ ሥራ የተነሣ የሚደርስባቸው አደጋ እንደሌለ አስታወቁ። ሞረል ግን ነገሩን በዚህ አልተዉትም። በዚያው ወር በጻፉት ሁለተኛ ደብዳቤ፣ ውሃውን ለመቀነስ የሚያስችል መልቀቂያ ሳይሠራ ግድቡ እንደማይታመን ደግመው ገልጸው፣ ሥራው በተሟላ ሁኔታ እንዲፈጸም ኩባንያቸው ከወጪው በለጋስነት እንደሚካፈል ሐሳብ አቀረቡ። ክበቡ ሐሳቡን አልተቀበለም።

በዚህ ላይ ሞረል ያደረጉት ነገር ያልተለመደ ነው። በከተማቸው ላይ አደጋ ያንዣበበበትን ክበብ አባልነት በገንዘባቸው ገዙ። በዚህም የክበቡን አሠራር ከውስጥ ሆነው የመመልከት መብት አገኙ። በዚያን ጊዜ በፔንሲልቫኒያ የግል ግድብን የሚመረምርና ጉድለት ሲያገኝ የሚያስገድድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ግድቡ እንደ ማንኛውም የግል ንብረት የባለቤቱ ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። ነገር ግን በስልሳ ያህል ባለጸጎች መካከል አንድ ድምፅ ግድብን አይጠግንም። ሞረል ጤናቸው በመታወኩ በ1884 ከሥራቸው ተሰናብተው፣ ኦገስት 20 ቀን 1885 በስልሳ አራት ዓመታቸው በጆንስታውን ዐረፉ። አባልነታቸው ወደ ኩባንያው ነገረ ፈጅ ወደ ሳይረስ ኤልደር ተላለፈ። ራፍም በ1887 ሞቱ። ማስጠንቀቂያውን የሰጡትም ማስጠንቀቂያውን ያልተቀበሉትም አልፈው፣ ግድቡ እንደ ነበረ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በፀደይ ወራት ጎርፍ በመጣ ቍጥር በጆንስታውን ግድቡ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ይነሣ ነበር። ወሬው በየጊዜው ሐሰት ሆኖ ሲቀር፣ ሰዉ በነገሩ መቀለድ ጀመረ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ግድቡ ባልፈረሰበት በእያንዳንዱ ዓመት የሕዝቡ ጥርጣሬ እየቀነሰ ሄደ፤ አፈሩ ግን በእያንዳንዱ ዓመት እየደከመ ነበር።

ሜይ 30 ቀን 1889 ማታ የጀመረው ዝናብ በአንድ ቀን ውስጥ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውሃ አወረደ። በማግስቱ ዐርብ ጧት ሐይቁ በፍጥነት እየሞላ ነበር። የክበቡ ፕሬዚዳንት ኢሊያስ አንገር ሠራተኞች ሰብስበው አናቱን በአፈር ከፍ ለማድረግ፣ በምዕራብ በኩል ሌላ ማስተንፈሻ ለመቈፈርና ወንፊቱ ላይ የተከማቸውን ቈሻሻ ለማንሣት ደከሙ። በዚያ ለፍሳሽ ቧንቧ ዝርጋታ ተቀጥሮ የነበረው ወጣቱ መሐንዲስ ጆን ፓርክ በፈረስ ጋልቦ ወደ ሳውዝ ፎርክ መንደር በመውረድ አስጠነቀቀ፤ ከዚያም በቴሌግራፍ ወደ ጆንስታውን መልእክት ተላለፈ። ሆኖም መልእክቱን በቁም ነገር የተመለከተው አልተገኘም። ውሃውን የሚቀንስ ቧንቧ ስላልነበረ ሌላ ሊደረግ የሚችል ነገር አልነበረም። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ በጐደጐደው መካከል ላይ ይፈስ የነበረው ውሃ ግድቡን ቈርጦ ሄደ። ከ14 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውሃ በመንገዱ ያገኛቸውን መንደሮች፣ ባቡሮችና ዛፎች እየጠረገ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ጆንስታውን ደረሰ።

ከተማይቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደመች። ውሃው ያመጣው ፍርስራሽ ከከተማው በታች ባለው የድንጋይ የባቡር ድልድይ ላይ ተከማችቶ ከቈየ በኋላ እሳት ተነሥቶበት፣ ከውሃው ያመለጡ ሰዎች በዚያ ተቃጠሉ። የሞቱት 2,209 እንደሆኑ ተቈጥሯል፤ ከእነዚህም 99ኙ ሙሉ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከ700 የሚበልጡት ደግሞ ማንነታቸው ሳይታወቅ ተቀብረዋል። ሞረል አልፈው ሌላ ሰው በሾሙበት ምክንያት ኩባንያውን ትተው የሄዱት ካፒቴን ጆንስ ከብራዶክ ሠራተኞቻቸውን ይዘው ለርዳታ ከደረሱት መካከል ነበሩ።

የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ሥራውን በጃንዋሪ 1890 ቢጨርስም፣ ሪፖርቱ እስከ 1891 ድረስ ሳይታተም ቈየ። ክበቡ ያደረጋቸውን ለውጦች ቢነቅፍም፣ ግድቡ እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮም ውሃው ከአናቱ ላይ ማለፉ አይቀርም ነበር የሚል መደምደሚያ ሰጠ። በፍርድ ቤትም ክበቡ ላይ ክስ አቅርቦ ካሣ ያገኘ ተጐጂ አልነበረም፤ አደጋው የእግዚአብሔር ቍጣ ተብሎ ታለፈ። ይሁን እንጂ በ2016 የታተመ አንድ የጂኦሎጂና የሃይድሮሎጂ ጥናት ግድቡ በቀድሞ ቁመቱና በቀድሞ ማስተንፈሻዎቹ ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን ጎርፍ ሊያሳልፍ ይችል እንደ ነበር፣ አናቱ ዝቅ መደረጉም የማስተንፈስ ዐቅሙን በእጅጉ እንደ ቀነሰው በስሌት አሳይቷል። የሙያ ማኅበር ሪፖርት ከ125 ዓመት በኋላም እንደሚመረመር ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ፔንሲልቫኒያ ግድብን የሚመለከት የቁጥጥር ሕግ ያወጣችው በ1913 ነው፤ ለዚያውም በ1911 በኦስቲን ከተማ ሌላ ግድብ ፈርሶ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነበር። ሕግ ብቻውንም ዋስትና አልሆነም። በጁላይ 1977 በዚያው በጆንስታውን አጠገብ የላውረል ረን የአፈር ግድብ በጎርፍ ተደርምሶ አርባ ያህል ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በጆርጂያ ግዛት የኬሊ ባርንስ ግድብ ፈርሶ 39 ሰዎች ሲሞቱ፣ የአሜሪካ መንግሥት አደገኛ የሆኑ የግል ግድቦች እንዲመረመሩ አዘዘ። ሞረል በ1880 በአንድ ግድብ ላይ በራሳቸው ፈቃድ ያስደረጉት ምርመራ በመላው አገሪቱ የመንግሥት ግዴታ ሊሆን አንድ ክፍለ ዘመን ያህል ፈጀ።

የሞረል ታሪክ በሚዛን ሲታይ ሁለት ገጽ አለው። ሊቆጣጠራቸው የማይችል ሰው ንብረት በሕዝብ ላይ አደጋ ማንዣበቡን በባለሙያ ዐይን አስተውለዋል፤ ግምታቸውን በወሬ ሳይሆን በምርመራ አስደግፈዋል፤ እንቢ ሲባሉም ገንዘባቸውን አቅርበዋል። በሌላ በኩል እሳቸው የሚያስተዳድሩት ፋብሪካ የምድጃ ጥቀርሻውንና ዝቃጩን በወንዙ ዳር እየደፋ የወንዙን አልጋ አጥብቧል፤ የተራራው ደንም ተመንጥሯል። በዚህ ምክንያት ጆንስታውን ከግድቡ አደጋ በፊትም በተደጋጋሚ በጎርፍ ትጠቃ ነበር። የጎረቤትን ግድብ ጉድለት ማየት የራስን የወንዝ ዳር ጉድለት ከማየት ይቀላል።

ማስጠንቀቂያቸው ያልሠራበት ምክንያት ሐሰት ስለ ነበረ ወይም በሥልጣን አናሳ ስለ ነበሩ አይደለም። ከማስጠንቀቂያው በኋላ የሚከተል አስገዳጅ አካል ስላልነበረ፣ ጉዳዩም በሁለት ሰዎች ደብዳቤ መካከል ስለ ቀረ ነው። የፉልተን ሪፖርት ሥርገቱን በዐይን አይቶ የጻፈ፣ ምክንያቱንና መድኃኒቱን የለየ፣ በሁለት ነጥብ የተጠቃለለ የምርመራ ሥራ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሸለቆው የሚኖረው ሕዝብ ያወቀው ከአደጋው በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አነጋገር ለአፈር ግድብ የተነገረ ይመስላል፤ በ1880 አንድ የመልቀቂያ ቧንቧና ጥቂት ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ አፈር ይበቃው የነበረውን፣ በ1889 የአንድ ከተማ ሕዝብ ሊመልሰው አልቻለም። የግድቡ ሁለት ክንፎች ግን ከሁለቱ ኮረብታዎች ጋር እንደ ተያያዙ ዛሬም ቆመዋል፤ ስፍራው ከ1964 ጀምሮ ብሔራዊ መታሰቢያ ሆኖ ይጠበቃል፤ በመካከላቸው የቀረው ክፍተትም ለሚያይ መሐንዲስ ሁሉ የፉልተንን ሪፖርት ያነብለታል።